መቀመጫው ሞልቷል፣ ውሰቱ ቀንሷል፦ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ከየት ይጀምር?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 6,000 ያህል መጻሕፍት፣ 40 መቀመጫና ሁለት ሠራተኞች አሉት፤ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይከፈታል። ወንበሮቹ ከጠዋት ጀምሮ የራሳቸውን ደብተር ይዘው በሚመጡ ተማሪዎች ይያዛሉ፤ መጽሐፍ ተውሶ የሚሄደው ሰው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። በልገሳ የመጣው መጽሐፍ ሳይመዘገብ በካርቶን ተከምሯል። አስተዳደሩ ደግሞ «ፎቅ እንጨምር፣ ኮምፒውተር እናስገባ» ይላል። የቱ ይቅደም?

ከሁለቱ አንዱም አይቅደም። ፎቅም ሆነ ኮምፒውተር አንዴ ከገባ በኋላ በየዓመቱ ገንዘብ ይበላል፤ ያላችሁ ችግር ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ወንበር ፈልጎ የሚመጣው ሰው ሌላ፣ መጽሐፍ ፈልጎ የሚመጣው ሌላ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ፣ ብርሃን፣ ጸጥታና የኤሌክትሪክ ሶኬት ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው አዲስ መጽሐፍና ቶሎ የሚያልቅ የማዋሻ ሥርዓት ነው። ለአንደኛው የወጣ ገንዘብ ለሁለተኛው ብዙም አይተርፈውም፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ አስፍተውም ውሰታቸው ፈቀቅ የማይለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአራት ሳምንት ቁጠሩ። ቢያንስ ሁለቱ ሳምንታት ከፈተና ወቅት ውጭ ይሁኑ፤ በፈተና ሰሞን ብቻ የተቆጠረ ቤት ዓመቱን ሙሉ የተጨናነቀ ይመስላል። አንደኛው ቆጠራ የወንበር ነው። በየሰዓቱ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ፣ አንድ ሠራተኛ ክፍሉን ዞሮ የተያዙትን ወንበሮች በሁለት ዓምድ ይጻፍ፦ የራሱን ደብተር የያዘ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ የያዘ። በር ላይ መቁጠር አይበቃም፤ ስልክ ለማነጋገር ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ሁለተኛው ቆጠራ እዚያው ተነቦ የሚቀረው መጽሐፍ ነው። «ያነበቡትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ይተዉት» የሚል ጽሑፍ በየጠረጴዛው ለጥፉ፤ ማታ ወደ መደርደሪያ ከመመለሳችሁ በፊት በዘርፍ በዘርፍ ቁጠሯቸው። ይህን የማይቆጥር ቤት መዝገበ ቃላቱንና ማጣቀሻውን «ማንም አይነካውም» ብሎ ሊያስወግድ ይችላል። ሦስተኛው የውሰቱ ቆጠራ ነው፤ ይህም በዘርፍ ይከፋፈል።

ከውሰቱ ቁጥር ሁለት ነገር ይወጣል። የዓመቱን ውሰት ለመጽሐፉ ብዛት አካፍሉ። 6,000 መጻሕፍት በዓመት 3,900 ጊዜ ከተዋሱ ውጤቱ 0.65 ነው፤ አማካዩ መጽሐፍ በዓመት አንዴ እንኳ ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው። ቀጥላችሁ የእያንዳንዱን ዘርፍ የውሰት ድርሻ ለክምችት ድርሻው አካፍሉ። ለምሳሌ የልጆች መጻሕፍት ከክምችቱ 12 በመቶ ሆነው ከውሰቱ 30 በመቶ ከያዙ 2.5 ይመጣል። የቆዩ የመማሪያ መጻሕፍት 40 በመቶ ቦታ ይዘው ከውሰቱ 8 በመቶ ብቻ ከሆኑ 0.2 ነው። ከ1 በላይ በደንብ የወጣው ዘርፍ መጽሐፍ አንሶታል፤ የሚቀጥለው የመግዣ ገንዘብ ወደዚያ ይሂድ። ከ0.5 በታች የወረደውን ግን ወዲያው አትፍረዱበት፤ አንዳንዱ ዘርፍ የማይነካው መደርደሪያው ጨለማ ጥግ ስላለ ወይም ምልክት ስለሌለው ብቻ ነው። ለአንድ ወር መግቢያው አጠገብ አቅርባችሁ እዩት።

ወደ ወንበሩ ጥያቄ እንመለስ፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። 40 ወንበር በቀን 8 ሰዓት ሲከፈት 320 የወንበር ሰዓት ይሰጣል። የመክፈቻው ሰዓት በ2 ሰዓት ቢራዘም 80 የወንበር ሰዓት ይጨመራል። ያው 80 በግንባታ ይምጣ ቢባል 10 አዲስ ወንበር ያስፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ለሚያነብ አንድ ሰው፣ መተላለፊያው ተጨምሮ፣ 2.3 ካሬ ሜትር ያህል ይያዛልና ይህ 23 ካሬ ሜትር ግንባታ ነው። ሁለት ሰዓት ማራዘም ደግሞ የሚፈልገው መብራትና ሰው ነው። ተማሪው የሚመጣው ከትምህርት ውጭ በመሆኑ ምሽት ላይ የሚጨመሩ ሁለት ሰዓታት ጠዋት ከሚጨመሩት የበለጠ ዋጋ አላቸው፤ የወንበር ቆጠራችሁ ጠዋት ባዶ መሆኑን ካሳየ ምንም ሳትጨምሩ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ብቻም ይበቃ ይሆናል።

ነገር ግን ሠራተኞቹን አስቡ። ሁለት ሰዎች በሳምንት 40፣ 40 ሰዓት ቢሠሩ 80 ሰዓት ነው። አሁን ቤቱ 48 ሰዓት ስለሚከፈት ሁለቱም አንድ ላይ የሚገኙት 32 ሰዓት ነው። ወደ 60 ሰዓት ሲራዘም አብረው የሚሆኑበት ወደ 20 ይወርዳል፤ ዕረፍትና ሕመም ገና አልታሰበም። መጽሐፍ የሚመዘገበው፣ የሚጠገነው፣ መደርደሪያ የሚስተካከለው በዚያች ጊዜ ስለሆነ ሰዓት ያራዘመ ቤት በስድስት ወር ውስጥ የካርቶኑ ክምር ሲያድግበት ያያል። ስለዚህ ከሰዓቱ ጋር በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ አንድ የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ አብሮ ይጠየቅ፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰው የሚገኝበት ጊዜ ወደ 40 ሰዓት ያድጋል። ምሽት ላይ አንድ ሰው ብቻውን ባይተው ይመረጣል።

አሁን መጽሐፉ። ውሰትን በትንሽ ወጪ የሚያነሳው ሥራ ማጣራት ነው፤ የሞተውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ማውጣት። አንባቢ ከሃያ ያረጁ መጻሕፍት መሃል አንድ ጥሩ መጽሐፍ ለመፈለግ ትዕግሥት የለውም። ማጣራት ብዙ ወንበር ያስገኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። በሁለቱም ጎን ስድስት ስድስት እርከን ያለው፣ 90 ሳንቲሜትር የሚሰፋ አንድ መደርደሪያ 300 ያህል መጻሕፍት ይይዛል፤ ከነመተላለፊያው 1.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 2,000 መጻሕፍት ብታወጡ የምታገኙት ከ8 እስከ 9 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ወንበር ነው።

የሚወጣውን ለመለየት ሁለት ቀን ተመልከቱ፤ የታተመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተዋሰበትን። ሕክምና፣ ሕግና ኮምፒውተር ላይ ያለ መጽሐፍ 5 ዓመት ካለፈው ተጠርጣሪ ነው፤ ያረጀ የመድኃኒት መጠን የያዘ መጽሐፍ ከቦታ ማባከን አልፎ ሰው ይጎዳል። ልብ ወለድ ዕድሜው አይታይም፤ ለ3 ዓመት ማንም ካልተዋሰው ግን ይታይ። ገጹ የጎደለ፣ ሻጋታ የያዘ፣ በአዲስ እትም የተተካ ያለ ክርክር ይውጣ። ስለ ከተማችሁና ስለ አካባቢው የተጻፈ ማንኛውም ነገር፣ ምንም ያህል ቢያረጅ፣ አይነካም፤ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ሠራተኞች ማጣራት የሚፈሩት «የመንግሥት ንብረት ጠፋ» እንዳይባሉ ነው፤ ፍርሃቱ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ወረቀት ነው። መመዘኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ይጽደቅ፤ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በገቢ ቁጥር (መጽሐፉ ወደ ቤቱ ሲገባ በተመዘገበበት ቁጥር) ተዘርዝሮ በቀረበ ዝርዝር ላይ ይፈርም፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ የባለቤትነት ማኅተሙ ላይ «ከክምችት የወጣ» ተብሎ ይመታበት፤ በዚያው ቀን ከካታሎጉና ከገቢ መዝገቡ ይሰረዝ። መጨረሻዋን ደረጃ የሚዘልል ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንባቢ ካታሎግ ላይ ያገኘውን መጽሐፍ ሠራተኛው ለግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመጨረስም አትሞክሩ፤ በሳምንት ሁለት መደርደሪያ ይበቃል።

ከተጣራ በኋላ እርከኑ ከሦስት አራተኛ በላይ አይሙላ። ይህ ለውበት አይደለም። ጥቅጥቅ ባለ እርከን ላይ አንባቢው መጽሐፉን የሚያወጣው ጣቱን የጀርባው አናት ላይ አስገብቶ በመጎተት ነው፤ ጨርቁ ወይም ወረቀቱ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያችው ጫፍ ነው፣ ቀጥሎም ሽፋኑ ይላቀቃል። ቦታ ሲኖር ግን በግራና በቀኝ ያሉትን መጻሕፍት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ የተፈለገውን ወገቡ ላይ ይዞ ማውጣት ይቻላል። መደርደሪያ የውጭ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ የታችኛው እርከንም ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። መጽሐፍ ከረጠበ ሻጋታ ለመጀመር ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል።

የልገሳው ካርቶን ደግሞ የስሌት ጉዳይ ነው። አንድን መጽሐፍ ማጣራት፣ መመዝገብ፣ መመደብ፣ ቁጥር መለጠፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንበል። 1,000 መጻሕፍት 500 ሰዓት ነው፤ አንድ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ሳይነካ አሥራ ሁለት ሳምንት ተኩል። በነፃ የመጣ መጽሐፍ ነፃ አይደለም። አንድ ገጽ የልገሳ ደንብ ጻፉና ከመቀበላችሁ በፊት ለጋሹ ያንብበው፦ መጽሐፉ ከተሰጠ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ቤቱ ላያስገባው፣ ለሌላ ሊሰጠው ወይም ሊያስወግደው ይችላል፤ ከሁለት ቅጂ በላይ አይቀበልም። ለጋሽ ማስቀየም ይከብዳል፤ ሆኖም በር ላይ «አይ» ማለት ከዓመት በኋላ ካርቶን ጭኖ ከመጣል ይሻላል።

ኮምፒውተር የመጀመሪያ ሥራው ካታሎግ ይሁን። ኮሃ የሚባለው በብዙ አገሮች የሚሠራበት ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የተወለደው ለእናንተ ዓይነት ቤት ነው። በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ሥርዓቱ የ2000 ዓመተ ምሕረትን (እ.ኤ.አ.) መግባት ስለማይቋቋም አዲስ አሠራ፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሊኑክስን (ኮሃ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚያስተዳድር ሰው ካላችሁ ኮሃን አስገቡ። ከሌላችሁ አትቸኩሉ፤ በደንብ የተሠራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ለ6,000 መጻሕፍት ይበቃል፣ ኋላም ማርክኤዲት በሚባለው ነፃ መሣሪያ ወደ ማርክ 21 (ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ መረጃ ወደሚመዘግቡበት የጋራ ቅርጽ) ይቀየራል።

ሠንጠረዡን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንድ ረድፍ ለአንድ ቅጂ ይሁን እንጂ ለአንድ ርእስ አይሁን። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የታተመውን የአይኤስቢኤን (የዓለም አቀፍ መጽሐፍ መለያ ቁጥር) ባርኮድ የቅጂ መለያ አታድርጉ፤ ቁጥሩ የሚለየው እትሙን ስለሆነ ሁለት ቅጂ ሲኖር የትኛው እንደተዋሰ አይታወቅም። የራሳችሁን ባርኮድ ለጥፉ፤ ቁጥሩ ከ10001 ይጀምር። 00001 ብትሉት ኤክሴል ዜሮዎቹን ይበላቸዋል። የአይኤስቢኤን ዓምድ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ተብሎ ይመደብ፤ አለበለዚያ 13 አሃዙ ተጨምቆ በማይነበብ መልክ ይታያል። ባርኮዱ ውስጥ ፊደል አይግባ። ስካነሩ እንደ ኪቦርድ ስለሚሠራ የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ከሆነ «A» የነበረው የግዕዝ ፊደል ሆኖ ይገባል፣ መጽሐፉም «አልተገኘም» ይባላል።

በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ሦስት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሽፋኑ ላይ «ሠ» የተጻፈውን አንባቢ በ«ሰ» ይፈልገዋል፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ርእሱን እንደታተመ በማርክ መስክ 245 ጻፉት፣ የተለመደውን አጻጻፍ ደግሞ በ246 ጨምሩ፤ በኤክሴልም ለዚህ አንድ ዓምድ ተዉለት። የደራሲውን ስም ከነአባቱ እንዳለ ጻፉ፤ የአባትን ስም አስቀድሞ መገልበጥ ፍለጋን ያበላሻል። ሁለተኛው ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በመሆኑ በድሮ ፎንቶች የተተየበ ዝርዝር ካላችሁ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ነው። ሦስተኛው የኅትመት ዓመት ነው። ዓ.ም.ንና እ.ኤ.አ.ን በአንድ ዓምድ ካቀላቀላችሁ በዕድሜ ስታጣሩ የአማርኛው መጽሐፍ ሁሉ 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቶ ይወጣል፣ ያለ ጥፋቱም ይወገዳል። ሁለት ዓምድ አድርጉት።

ፋይሉን በየቀኑ ቅዱት፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይደር። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ ቅጂው መከፈቱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

የአንባቢ ኮምፒውተር ይጨመር ከተባለ በአራት ጀምሩ፣ በሰው 45 ደቂቃ። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአንባቢው አይደለም፤ አራቱም ማሽኖች በየራሳቸው የዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳሉ። በዊንዶውስ ማስተካከያ ግንኙነቱን «የሚለካ» (metered) ብላችሁ መድቡና ማሻሻያውን ቤቱ ሲዘጋ አድርጉ። ለተማሪ ጥያቄ አብዛኛው ቀን ኢንተርኔት ባይኖርም ኪዊክስ ይበቃል፤ ዊኪፒዲያን በሙሉ አንድ ዲስክ ላይ ይዞ ያለ መስመር ያስነብባል።

ስለ ፎቁ አንድ ነገር ብቻ። በአሜሪካው የሕንፃ ጭነት ደንብ የመጽሐፍ መደርደሪያ ያለበት ወለል በካሬ ሜትር 7.2 ኪሎ ኒውተን (730 ኪሎ ግራም ገደማ) እንዲሸከም ይታሰባል፤ የንባብ ክፍል ግን 2.9 (290 ኪሎ ግራም ገደማ)። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ስለዚህ ፎቅ ከተሠራ መጽሐፉ ከታች፣ ጸጥታ የሚፈልገው አንባቢ ከላይ ይሁን፤ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውም ከታች የንባብ ጠረጴዛ ይቅርለት። ቢሮ የነበረን ፎቅ ያለ መሐንዲስ ፊርማ በመደርደሪያ መሙላት ግን በፍጹም አይቻልም።

ለአስተዳደሩ ስታቀርቡ የግንባታ ወጪውን ከዓመታዊ ወጪው ለዩት። የአሜሪካዊው ባለጸጋ የአንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ ከ1883 እስከ 1929 (እ.ኤ.አ.) በተለያዩ አገሮች 2,509 ቤተ መጻሕፍት ሲያሠራ ለከተሞቹ የተቀመጠው የተለመደ ግዴታ ቦታውን ራሳቸው እንዲሰጡና የስጦታውን 10 በመቶ በየዓመቱ ለማስኬጃ እንዲመድቡ ነበር። ሰውየው ሕንፃ ለብቻው ምን እንደሚሆን ገብቶታል። የእንግሊዝ የ1850 ሕግ ደግሞ ከተሞች ከግብር ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ሲፈቅድ በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ እንዲገዙ አልፈቀደም ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ1855 ነው። ዛሬም ብዙ በጀት ሳያውቀው እንደዚያ ሕግ ይሠራል፦ ግድግዳ አለ፣ የመጽሐፍ መግዣ መስመር የለም። ፎቅ የሚል ካለ የዓመቱ መብራት፣ ጽዳት፣ ደመወዝና የመጽሐፍ መግዣ በዚያው ገጽ ተጽፎ ይቅረብለት። ሪፖርቱም ውሰትን ብቻ አይጥቀስ፤ የወንበር ሰዓቱና እዚያው የተነበበው መጽሐፍ ካልገባ የቤቱ ግማሽ ሥራ አይታይም።

ውሰት የሚቀንስበት ሌላ ምክንያት ጠረጴዛችሁ ላይ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰው ከገባበት ቅጽበት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዞ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩ። ዋስ፣ ፎቶግራፍና ማስያዣ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ ብዙው ሰው ሁለተኛ አይመጣም። የዩኔስኮና የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አገልግሎቱ በመርሕ ደረጃ ነፃ እንዲሆን ይላል፤ ማስያዣ ድሃውን ቤተሰብ ከበር ይመልሳል። መታወቂያና ስልክ ቁጥር ወስዳችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ መጽሐፍ ብቻ አውሱ፣ በጊዜ ከመለሰ ወደ ሦስት ከፍ ይበል። የቅጣት ገንዘብ ሲከማች ሰው መጽሐፉን ይዞ ይጠፋል፤ ከቅጣት ይልቅ የመመለሻው ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው የሚላክ የስልክ መልእክት ብዙ መጽሐፍ ያስመልሳል።

ሕንፃ ሳይነካ የሚያድግ አገልግሎት ካስፈለገ ደግሞ የመጽሐፍ ሳጥን አለ። 50 የልጆች መጻሕፍት ክዳን ባለው ሳጥን ለአንድ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ፣ በ8 ሳምንት ሌላ ሳጥን ይተካል። አራት ትምህርት ቤት ካለ ለዝውውሩ አምስት ሳጥን አዘጋጁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ለጥገናና ለቆጠራ ቤት ይቆያል። ሳጥኑ የሚበላሸው ኃላፊው ባልታወቀ ጊዜ ነው። ለርእሰ መምህሩ በደፈናው ከማስረከብ አንድ መምህር በስሙ ይፈርም፤ ዝርዝሩም በሁለት ቅጂ ይሠራና አንዱ ክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ፣ ሌላው እናንተ ዘንድ ይቅር። ከ50 ሁለት ሦስት ቢጠፉ ዝም በሉ፤ በየቅያሪው የሚጠይቅ ቤተ መጻሕፍት መምህሩ ሳጥኑን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል።